ከፒስተን ወደ ተርባይን፦ የግል አውሮፕላን በደጋ ምድር



ተርቦፕሮፕ እየተባለ የሚጠራውን፣ በጋዝ ተርባይን ኀይል ፕሮፔለር የሚያዞር አውሮፕላን በግል ገዝቶ ራስ ማብረር ከመሐንዲሶች ጉባኤ ይልቅ ለባለጸጎች ጨዋታ የሚስማማ ርእስ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን ቦታው ሲለወጥ መልኩ ይለወጣል። በሜዳማ አገር አንድ ሰው ከፒስተን ሞተር ወደ ተርባይን የሚሸጋገረው ቶሎ ለመድረስ፣ ከደመና በላይ ለመብረር፣ አንዳንዴም ለጎረቤቱ ለማሳየት ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ላይ ግን ጥያቄው የፊዚክስ ጥያቄ ይሆናል፤ ይኸውም ሞተሩ አውሮፕላኑን ከነጭነቱ ከመሬት ያነሣዋል ወይስ አያነሣውም የሚል ነው።

ለጉዳዩ አካል ለመስጠት አንድ ሰው በአሳብ ይታይ። ይህ ሰው የመንዝ ተወላጅ ነው፤ በንግድ ሠርቶ ገንዘብ አግኝቷል፤ የግል አብራሪነት ፈቃድ ይዞ ባለ 300 የፈረስ ጉልበት በሆነች ባለስድስት መቀመጫ ሴስና 206 ሦስት መቶ ሰዓት ያህል በርሯል። አሁን ዘመዶቹ ወዳሉበት ወደ መሐል ሜዳ አካባቢ በአየር መመላለስ፣ ክፉ ቀን ሲመጣም ሕመምተኛ አሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ መውረድ ይሻል። ለዚህም ተርቦፕሮፕ ልግዛ ብሎ ተነሥቷል። እንዲህ ያለው ሰው ምክር ፍለጋ ወደ መሐንዲስ ቢመጣ ምን ይነገረዋል? የዚህ ንግግር ዓላማ ለዚያ መልስ መስጠት ነው።

በመጀመሪያ ምድሩ። የመንዝ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ የጓሳ ከፍተኛ ቦታዎች ከ3,500 ሜትር ያልፋሉ። በምሥራቅ በኩል ምድሩ ወደ ቆላው በገደል ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ወንጪት፣ አዳባይና ጀማ የቈፈሩት ሸለቆ መንዝን ከመርሐ ቤቴ ይለየዋል። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ መሐል ሜዳ የሚያደርሰው የመኪና መንገድ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአየሩ ርቀት ግን ወደ 170 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ አውሮፕላን ይህ ከአርባ ደቂቃ የማይበልጥ መንገድ ነው። በካርታ ላይ ሲታይ እጅግ የሚያስጎመጅ ነው። ካርታው የማያሳየው አየሩን ነው።

በባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በዚያው በ15 ዲግሪ፣ ይኸው አንድ ሜትር ኩብ 0.85 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። አየሩ ከመቶ ሠላሳውን ያህል አጥቷል ማለት ነው። በመደበኛው የአየር ሠንጠረዥ ይህን ያህል የሳሳ አየር የሚገኘው በ3,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ከመንዝ ሜዳ ላይ የሚነሣ አውሮፕላን ለክንፉና ለሞተሩ 3,700 ሜትር ላይ እንዳለ ይቈጠራል። መንዝ ብርድ አገር ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር አብራሪን ሊያዘናጋ አይገባም። በርኖስ የሚያስለብስ ብርድ የሚባለው እንኳ ለከፍታው በሠንጠረዡ ከተመደበው ሙቀት በላይ ነው፤ የ3,000 ሜትር መደበኛ ሙቀት ከዜሮ በታች 4.5 ዲግሪ ነውና።

የሳሳ አየር ሦስት ጊዜ ያስከፍላል። አንደኛ፣ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት በፍጥነት መካስ አለበት፤ ከላይ በተባለው ሁኔታ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት በመሬት ላይ የሚደርስበት ፍጥነት በባሕር ዳርቻ ከሚያስፈልገው ከመቶ ሃያ ያህል ይበልጣል። የማኮብኮቢያው ርዝመት የሚያድገው ግን በፍጥነቱ ስኩዌር በመሆኑ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ከመቶ 44 ገደማ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ተርቦቻርጀር የሌለው የፒስተን ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። 300 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር በዚያ ቦታ የሚሰጠው 195 ያህል ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ፕሮፔለሩም ቢሆን የሚገፋው አየር አንሶታል። እነዚህ ሲባዙ በባሕር ዳርቻ አራት መቶ ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን በመንዝ ዘጠኝ መቶ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ማኮብኮቢያው ሣር ከሆነ፣ ያውም እርጥብ፣ ስሌቱ ከዚህ ይከፋል። ከተነሣም በኋላ የሚወጣበት ፍጥነት እጅግ አዝጋሚ ነው፤ ከፊቱ ያለው ኮረብታ ደግሞ ቦታ አይለቅለትም።

ተርቦቻርጀር የተገጠመለት የፒስተን ሞተር ከዚህ ጉዳት የተወሰነውን ያድናል፤ አየሩን አስቀድሞ ጨምቆ ለሲሊንደሩ ያጎርሳልና። ይሁን እንጂ ከባድ የሆነ ሌላ ችግር አለበት፤ እሱም ነዳጁ ነው። የፒስተን አውሮፕላን የሚነዳው አቭጋዝ በሚባለው እርሳስ ያለበት የአቪዬሽን ቤንዚን ሲሆን፣ ይህ ነዳጅ በአፍሪካ በጥቂት ስፍራ ብቻ፣ በበርሜል እየተጓጓዘ፣ በውድ ዋጋ ይገኛል። የጄት ነዳጅ ግን ትልልቅ አውሮፕላኖች በሚያርፉበት ሁሉ አለ። ለሚስዮንና ለርዳታ ሥራ የሚበርሩ ድርጅቶች በአፍሪካ ከፒስተን ወደ ተርባይን እንዲሸጋገሩ ካስገደዷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። አንድ ሞተር የቱን ያህል ጥሩ ቢሆን የሚጠጣው ሲታጣ ብረት ነው።

ወደ ተርባይኑ እንለፍ። በአነስተኛ አውሮፕላኖች ዘንድ ስሙ የገነነው የፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ ፒቲ6 ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በአንድ ቢች 18 አውሮፕላን አፍንጫ ላይ ተገጥሞ በሙከራ ከበረረ ወዲህ ከ50,000 በላይ ተሠርቷል። አሠራሩ ሲታይ ለመሐንዲስ ዐይን ደስ የሚያሰኝ ነው። አየሩ ከሞተሩ በስተኋላ ገብቶ ወደ ፊት ይጓዛል፤ ይጨመቃል፤ ነዳጅ ተረጭቶበት ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ጋዝ መጀመሪያ መጭመቂያውን የሚያዞረውን ተርባይን፣ ቀጥሎም ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ሌላ ተርባይን ይገፋል። በሁለቱ ተርባይኖች መካከል የሚያገናኝ ዘንግ የለም፤ የሚያገናኛቸው ጋዙ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ሲነሣ ከባዱን ፕሮፔለር አብሮ እንዲጎትት አይገደድም።

ለደጋ የሚጠቅመው ዋናው ጠባዩ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በባሕር ጠለል ላይ ሊሰጥ የሚችለውን ኀይል ሁሉ እንዲሰጥ አይፈቀድለትም፤ የማርሽ ሣጥኑና የአውሮፕላኑ አካል በሚችሉት ልክ ይወሰናል። መቶ ኪሎ መሸከም የሚችለውን አጋሰስ ሰባ ጭኖ ዳገት እንደማስወጣት ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ሞተሩ የሚያጣው መጀመሪያ ያልተጠቀመበትን ትርፍ ነው፤ ትርፉ እስኪያልቅ ድረስ በመሣሪያው ላይ የሚነበበው ኀይል አይቀንስም። ትርፉም ቢሆን ማለቁ አይቀርም። ተርባይን ከፍታን አይፈራም የሚለው የሻጮች ቃል ነው። በሙቀት ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ብዙዎቹ ሞተሮች ወደ ሙቀት ወሰናቸው ይደርሳሉ፤ አብራሪው መሪውን የኀይል መሣሪያ ወደ ፊት ከመግፋቱ በፊት ማየት ያለበት የጋዙን ሙቀት መለኪያ ይሆናል። 675 የፈረስ ጉልበት ያለው የሴስና ግራንድ ካራቫን በመንዝ ሜዳ ላይ ሲነሣ የሚፈልገው ርቀት በግምታዊ ስሌት በባሕር ዳርቻ ከሚፈልገው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። የመጨረሻው ቃል ግን የአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ከጅቡቲ ያመጣው ፖቴዝ 25፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1929 አዲስ አበባ ካረፈበት ቀን ጀምሮ የአገሪቱ አቪዬሽን ከከፍታ ጋር ሲታገል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በየአውራጃው ሣር ላይ ሲያሳርፋቸው የነበሩት ዲሲ-3 አውሮፕላኖች የፒስተን ነበሩ። በ1980ዎቹ ሥራቸውን ቀስ በቀስ ለተርቦፕሮፖች፣ በተለይም ለካናዳው ትዊን ኦተር፣ አካፍለዋል። በዚያው ዘመን አየር መንገዱ አግ-ካት የተባለውን የአሜሪካ የእርሻ መድኀኒት መርጫ አውሮፕላን በፈቃድ አዲስ አበባ ላይ እየገጣጠመ «እሸት» የሚል ስም ሲሰጠው፣ አፍንጫው ላይ ያሰረለት የፒቲ6 ተርባይን ነበር። ዛሬም ከ2010 ወዲህ የገቡት ኪው400 አውሮፕላኖች በአገር ውስጥ መስመር የሚሠሩት በተርቦፕሮፕ ሞተር ነው። ኢትዮጵያ ተርቦፕሮፕን ታውቀዋለች፤ ያላወቀችው ባለቤቱ ራሱ የሚያበርረውን ነው።

የግሼ ሰው ደግሞ ከብዙው ሰው በፊት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 መጀመሪያ፣ ረኃቡ በከፋበት ወራት፣ የእንግሊዝ አየር ኀይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች በራቤል አምባ ላይ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከመሬት ከፍ ብለው እየበረሩ የእህል ከረጢት ይጥሉ ነበር። የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል አውሮፕላኖችም በዚሁ የመጣል ሥራ ተሰማርተው ነበር፤ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ደግሞ አስቀድመው መሬት ላይ ወርደው የሚጣልበትን ቦታ ያዘጋጁ ነበር። ከረጢቱ መሬት ሲመታ እንዳይበተን በከረጢት ላይ ከረጢት ይደረብ ነበር። ሄርኩለስም ሆነ ትራንሳል ተርቦፕሮፖች ናቸው። በደጋ አየር፣ ጭነት ተሸክሞ፣ ዝቅና ቀስ ብሎ በርሮ፣ ከሸለቆው አፍ ላይ እንደገና ሽቅብ መውጣት የሚችል ሌላ ዐይነት አውሮፕላን በዚያ ጊዜ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሐንዲስ ግን ከዚህ ታሪክ አንድ ሌላ ነገር ማስተዋል አለበት፤ አውሮፕላኖቹ እህሉን የጣሉት ማረፊያ ስላልነበረ ነው።

እንግዲህ ባለ አውሮፕላኑ ይግዛ ቢባል፣ የትኛውን? ለዚህ ሥራ በተግባር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1982 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የሴስና ካራቫን ዘር ነው፤ ክንፉ ከላይ፣ እግሩ የማይታጠፍ፣ በሩ ሰፊ፣ ጠባዩ ትሑት። በኢትዮጵያ አቢሲኒያን የበረራ አገልግሎትን የመሰሉ የግል ድርጅቶች ሲጠቀሙበት የኖሩ በመሆኑ፣ የሚያውቀው መካኒክ አለ። ሁለተኛው እንደ ስዊሱ ፒላተስ ፒሲ-12 ያለው፣ የውስጡ አየር የሚታመቅ፣ ፈጣንና በዋጋም እጅግ የሚበልጥ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ከፒስተን የሚያድጉ ባለቤት አብራሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚመኙት ይህንን ሁለተኛውን ወገን ነው። ለመንዝ ግን ምርጫው የመጀመሪያው ቢሆን ይሻላል። ምክንያቱም መንገዱ አጭር ስለሆነ ፍጥነቱ የሚያተርፈው ደቂቃ ጥቂት ነው። የታመቀ አየርም ቢሆን የሚጠቅመው በመንገድ ላይ እንጂ በመነሻው አይደለም። እንዲያውም በብዙ አውሮፕላኖች የውስጡ አየር ከ10,000 ጫማ ከፍታ በላይ ወዳለው ሁኔታ ሲሳሳ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፤ የመሐል ሜዳ መሬት ራሱ ከዚህ ቁጥር ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ለሥርዓቱ የተለየ አያያዝ ካልተሰጠው መብራቱ ያረፈውን ሰው ያስደነግጠዋል።

ካራቫን የመረጠ ሰው ኦክሲጅን መያዝ አለበት። ከ3,000 ሜትር መሬት ተነሥቶ ከኮረብታው በላይ በቂ ክፍተት ለማግኘት 4,200 ሜትር ገደማ ላይ መብረር ግድ ይላል፤ በአሜሪካ ደንብ አብራሪ ከ12,500 ጫማ፣ ማለትም ከ3,800 ሜትር ገደማ በላይ ከሠላሳ ደቂቃ የበለጠ ሲቆይ ኦክሲጅን መውሰድ ግዴታው ነው። የመንዝ ገበሬ ሳንባው ለምዶታል፤ አዲስ አበባ የሚኖረው ባለ አውሮፕላን ያን ያህል አልለመደም። ለሕመምተኛው ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። የሳንባ በሽተኛን ወይም ብዙ ደም የፈሰሳት ወላድን ያለ ኦክሲጅን ወደዚያ ከፍታ ማውጣት እርዳታ መሆኑ አጠራጣሪ ነው።

አሁን ስለ ሰውየው። በፒስተን ሞተር የሠለጠነ አብራሪ ወደ ተርባይን ሲመጣ የመጀመሪያ ፈተናው አየር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ ቁልፍ በተነካ በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሴኮንዶች ውስጥ ነው። የፒስተን ሞተር ሲነሣ ቢያንገራግር እንደገና ይሞከራል፤ ቢበዛ ባትሪ ይደክማል። ተርባይን ግን በደከመ ባትሪ ወይም ከኋላ በሚመጣ ነፋስ ምክንያት በበቂ ሳይሽከረከር ነዳጅ ከተለቀቀበት፣ እሳቱን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሚያንስ ሙቀቱ በሴኮንዶች ከ1,000 ዲግሪ ያልፋል። የዚያን ጊዜ የሚቀልጠው በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ዶላር ነው። በሳሳ አየር ይህ አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ እጁን ነዳጅ መዝጊያው ላይ አድርጎ፣ ዐይኑን ከመለኪያው ሳይነቅል መጠበቅ አዲሱ ሥርዓተ ጸሎቱ መሆን አለበት። የብርዳም ጧት የተኛ ባትሪ ደግሞ በመንዝ የየቀኑ ነገር ነው፤ በሜዳው ላይ ተጨማሪ የመሬት ባትሪ ማኖር ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው ፈተና የአሳብ ፍጥነት ነው። በቅሎ የለመደ ሰው ፈረስ ላይ ሲወጣ የሚጥለው ፈረሱ አይደለም፤ ራሱ በበቅሎ ሒሳብ ማሰቡ ነው። ባለተርባይኑ አውሮፕላን ከሴስና 206 በክብደት ከእጥፍ ይበልጣል። ኀይል ሲሰጠውና ሲነሣው የሚመልሰውም በሌላ ዐይነት ጊዜ ነው፤ ሥራ ፈት ላይ የወረደ ተርባይን እንደገና ኀይል እስኪሰጥ ድረስ ጥቂት ሴኮንዶች ይወስዳል። በአጭር ሜዳ ላይ ወደ ማረፍ የተቃረበ አብራሪ እነዚያን ሴኮንዶች ቀድሞ ማወቅ አለበት። በአሜሪካ ደንብ እንዲህ ላለው ቀላል ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ልዩ የዐይነት ፈቃድ አይጠየቅም፤ ነገር ግን የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በምስል በረራ መሣሪያ ላይ የተሰጠ ሥልጠና፣ ከልምድ ባለቤት ጋር የተበረረ የሰዓት ብዛት፣ በየዓመቱም ድጋሚ ፈተና ይጠይቃሉ። በዚህ ረገድ ከሕግ አውጪው ይልቅ የኢንሹራንስ ሰው ጠንካራ መምህር ሆኖ መገኘቱ ፈገግ ያሰኛል።

መንገዱንም በሚመለከት አንድ ነጥብ አለ። ሞተሩ አንድ ነው። የፒቲ6 አስተማማኝነት የተመሰከረ ቢሆንም ቆሞ አያውቅም ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ መሐል ሜዳ በቀጥታ የሚሄድ አብራሪ የጀማ ገባሮች ባበጁት ገደል ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በዚያ ሞተር ቢቆም ሊያርፍበት የሚችል ስፍራ የለም። በደብረ ብርሃን በኩል አድርጎ አምባ አምባውን የሚሄድ ግን ከበታቹ የገብስ ማሳና የግጦሽ መስክ ያገኛል። የርቀቱ ልዩነት ቢሰላ በበረራ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ቀጥተኛውን መስመር የሚመርጥ ሰው ሦስት ደቂቃ አተረፈ፤ በምን ዋጋ እንዳተረፈ ግን አልጠየቀም።

ስለ አየር ጠባይ ባጭሩ። ከቆላው የሚወጣው እርጥበት በገደሉ ጫፍ ላይ ጉም ሆኖ ይተኛል፤ ጣርማ በርን በመኪና የተሻገረ ሁሉ ያውቀዋል። በክረምት ደመናው ሲወፍር፣ የውሃ መርጊያው ከፍታ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ደመናውን ዘልቆ ለመውጣት የሚሞክር ካራቫን በረዶ ሊለብስ ይችላል። ይህ አውሮፕላን ደግሞ በረዶ አይወድም፤ ታሪኩም ይመሰክርበታል። ስለዚህ በክረምት ወራት ብዙ ቀን አለመብረር ነው። ሕመምተኛው ግን በክረምትም ይታመማል።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ብዙ ሰው የሚፈራው የግዢውን ዋጋ ነው፤ መፍራት ያለበት ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሴስና 206 በሰዓት 60 ሊትር ያህል ሲጠጣ ካራቫን ወደ 200 ሊትር ይጠጋል። የሞተሩ ትኩስ ክፍል በ1,800 ሰዓት ግድም ይመረመራል፤ በ3,600 ሰዓት ግድም ሙሉ እድሳት ይጠየቃል። ባለ አውሮፕላኑ በዓመት መቶ ሰዓት ቢበርር የመጀመሪያው ምርመራ ከ18 ዓመት በኋላ ነው ብሎ ይደሰት ይሆናል። ይህ ስሌት አሳሳች ነው። የቆመ ሞተር ይዝጋል፤ ጎማና ማሸጊያ የሚያረጁት በሰዓት ሳይሆን በዓመት ነው። የመካኒኩ ደመወዝ፣ ኢንሹራንሱ፣ መጋዘኑ፣ የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀቱ አውሮፕላኑ በረረም ቆመም ይከፈላሉ። እነዚህ ቋሚ ወጪዎች በ100 ሰዓት ሲካፈሉና በ500 ሰዓት ሲካፈሉ የሰዓቱ ዋጋ አምስት እጥፍ ይለያያል። መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያው ዕቃ በብር ሲቈጠር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በዓመት መቶ ሰዓት ብቻ የሚበርር፣ ከነዚያም ጥቂቱን በደጋ ሜዳ ላይ የሚያርፍ ሰው እጁ መዛጉ ነው። የግል ባለቤት ችግር ብዙ መብረር አይደለም፤ ትንሽ መብረር ነው።

ስለዚህ በደጋ ምድር ተርቦፕሮፕ ለአንድ ሰው ብቻ የሚመጥን ንብረት አይመስልም። የሚሻለው ባለ አውሮፕላኑ ገንዘቡን ከሌሎች ጋር አጣምሮ ፈቃድ ባለው ድርጅት ሥር አውሮፕላኑን ማስተዳደር፣ አራት መቶና አምስት መቶ ሰዓት የሚያበርሩትን ባለሙያ አብራሪዎች መቅጠር፣ ራሱም ከነሱ አጠገብ ተቀምጦ መማር ነው። ሕጉም በዚህ አቅጣጫ ይገፋዋል። የግል አብራሪ ፈቃድ የያዘ ሰው ዘመዶቹን ማሳፈር ይችላል፤ ከሕመምተኛ ወይም ከሆስፒታል ኪራይ መቀበል ግን አይችልም፤ ያ የንግድ በረራ ነውና የኦፕሬተር ምስክር ወረቀት ያሻዋል። በኢትዮጵያ የግል ድርጅቶች ወደዚህ ሥራ እንዲገቡ በር ሲከፈት በመጀመሪያ ከ20 መቀመጫ በማይበልጥ አውሮፕላን ተወስነው ነበር፤ በኋላ ጣሪያው ወደ 50 ከፍ ብሏል። ካራቫን በሁለቱም ጣሪያ ሥር ያለ ችግር ይገባል። የመሐል ሜዳ ሆስፒታልም ሆነ በመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ ያለው የእናት ሆስፒታል ከአቅማቸው በላይ የሆነ ሕመምተኛ ሲገጥማቸው የሚልኩት በመኪና ነው፤ ከዓለም ከተማ ተነሥቶ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ለታመመ ሰው ምን እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚህ በኩል የአውሮፕላኑ ጥቅም በጭራሽ የቅንጦት አይደለም።

የሚቀረው ማረፊያው ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በ3,000 ሜትር ላይ ለካራቫን ምቹ የሚሆን ማኮብኮቢያ ርዝመቱ 1,500 ሜትር ቢሆን፣ ከነዳር ዳሩ ስፋቱ 60 ሜትር ቢሆን፣ 9 ሄክታር መሬት ይይዛል። በመንዝ የአንድ ቤተሰብ የእርሻ ይዞታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሄክታር እምብዛም አያልፍም። ለአውሮፕላን የሚመች ደልዳላ መሬት ለገብስም የሚመች ነው፤ ለበግ ግጦሽም እንዲሁ። የጓሳ ሣር ምድር ሰፊና ክፍት መስሎ የሚታየው አብራሪ ቢኖር አስቀድሞ ማወቅ ያለበት፣ ያ ምድር የአካባቢው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የጋራ ይዞታ መሆኑን ነው። ወደዚያ ዐይን መጣል አይገባም። ሌላ ቦታ ቢገኝ እንኳ መሬቱን የሚለቁት ቤተሰቦች በአውሮፕላኑ የሚሳፈሩት ሰዎች አይደሉም፤ ምናልባት አንድ ቀን፣ በቃሬዛ ተጭነው፣ ካልሆነ በስተቀር። ካሳው ምን ያህል ነው፣ ማረፊያውስ የማን ነው፣ የሕመምተኛ በረራስ ከሌላው በረራ ይቀድማል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች አውሮፕላኑ ከመታዘዙ በፊት ከነዋሪው ጋር በጉባኤ ተቀምጦ ሊቈረጡ ይገባል።

በሥራ ረገድ ባለ አውሮፕላኑ ለመሐንዲሱ ቢታዘዝ የመጀመሪያው ዓመት ግዢ የለበትም። በተመረጠው ሜዳ ላይ ቴርሞሜትር፣ የግፊት መለኪያና የነፋስ ከረጢት ይተከላሉ፤ የአካባቢው ሰው አበል እየተከፈለው በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት፣ በ4 ሰዓትና በ9 ሰዓት፣ ንባቡን ይመዘግባል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የጧት ብርድ፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት፣ የሐምሌ ጭቃ ሁሉም በመዝገቡ ይገባሉ። አፈሩ ከዝናብ በኋላ አራት ቶን በሚመዝን አውሮፕላን ጎማ ሥር ምን ያህል እንደሚሰምጥ ይፈተናል፤ ጠጠሩም ይታያል፤ ፕሮፔለርን የሚበላው የማኮብኮቢያ ጠጠር ነውና። ዓመቱ ሲያልቅ ከመዝገቡ ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ወርና ለእያንዳንዱ ሰዓት የሚፈቀደው የመነሻ ክብደት ይሰላል። ሠንጠረዡ በሚያዝያ ከቀትር በኋላ የሚያስጭነው ነዳጁን፣ አብራሪውንና ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ የበረራው ሰዓት ወደ ጧት ይዛወራል፤ ወይም ሜዳው ይለወጣል፤ ወይም አውሮፕላኑ አይገዛም።